ያጽናሽ

«ወባ ነው በይ» አለ ወልደየሱስ፣ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ወደ አሰፋሽ ጆሮ ጎንበስ ብሎ። «የአርባ ምንጭ ሰው በወባ ሞተ ቢባል ማን ይጠይቃል? ልጁን ቀብረናል፤ ስማችንን ደግሞ አትቅበሪው።»

አሰፋሽ የባሏን ወንድም ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ዘሚካኤልን ብቻዋን ነው ያሳደገችው። አሟሟቱን ለማንም ብላ አትሸፋፍንም።

ከሴቻ ሰፈር የመጡ የዕድር ሴቶች ገቡ። «እግዜር ያጽናሽ» አሏት በየተራ።

«አያጽናኝ» አለች።

ሴቶቹ ክው አሉ። እሷ ግን ቃሉን ጠልታዋለች፣ ምን ታድርግ። ዘሚካኤል ማለት ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ጭኖ በሚመጣ ጋሪ ላይ፣ መንገዱ እያንገጫገጨው፣ ለጥ ብሎ የሚተኛ ልጅ ነበር። ውትድርና በገባ በጥቂት ወሩ ደወለላት። «እማዬ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዓይኔን ስከድን ልቤ ይደልቃል። ላለቃዬ ብነግረው ‹የጽናት ትምህርት የተማርከው ለመቼ ነው? ጽና› አለኝ።» ትምህርቱ ተሰልፎ «እንጸናለን» እያሉ መጮህ ነበር። «ጮኼ ጮኼ ድምፄ ሄደ፣ እንቅልፌ ግን አልመጣም» ብሎ ሳቀ። ና ብትለው ፈቃድ ከለከሉት።

«ወባ አይደለም» አለች አሁን፣ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ። «ልጄ አእምሮውን ታሞ ነበር። አሞኛል ብሎ ተናገረ፤ ጽና አሉት። በገዛ እጁ ሞተ። የሚያፍር ካለ በሩ ያውላችሁ።»

ወልደየሱስ ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ። ሌላ የተነሳ ሰው የለም።

እሱ ሲወጣ ዩኒፎርም የለበሰ ወጣት ገባ። ታምሩ ነው፤ ማሠልጠኛው ውስጥ ከዘሚካኤል ጎን ይተኛ የነበረ ምልምል። ፊት ለፊቷ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እማማ፣ እግዜር ያጽ...» ብሎ ሳይጨርሰው ኮፍያውን አወለቀ። ዓይኖቹ ደም መስለዋል።

«አንተስ ትተኛለህ?» አለችው።

ታምሩ ሰዉን ዞር ብሎ አየ። «አልተኛም፣ እማማ» አለ ቀስ ብሎ።

«ነገ ሐኪም ዘንድ አብሬህ እሄዳለሁ። አንተን እምቢ ቢሉህ እኔን አይሉኝም። አሁን ጫማህን አውልቅ።»

እጁን ይዛ የራሷ ፍራሽ ላይ አስተኛችው። ዘሚካኤል ሲመለስ እንዲለብሰው ጨንቻ ያሠራችውን ቡሉኮ አውጥታ ደረበችለት።

ጥቂት ቆይቶ ለቀስተኞች «ወዬው ልጄ» እያሉ፣ ደረታቸውን እየደቁ ሲገቡ፣ አሰፋሽ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ቀስ በሉ» አለቻቸው። «ልጅ ተኝቷል።»