የበረደው ኩሽኔታ

መካኒኩ የካቻቢቴውን ጫፍ ከሞተሩ ሆድ፣ እጀታውን ከጆሮው ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ሟች ወንድሙ እንዲህ ሲያደርግ ባየው ቁጥር «ሐኪሙ፣ በሽተኛው ያድራል ወይስ ይሸኛል?» እያለ ይቀልድበት ነበር። አሁን ከብረቱ ውስጥ የሚመጣው ማጉረምረም ብቻ ነው፤ ጎርናና፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ሊናገር የሚቃጣው ሰው ዓይነት።

«አብቅቶለታል» አለ ሞተሩን አጥፍቶ። «የክራንኩ፣ የዋናው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት ቀለበት ተፋፍቋል። እንዲሁ ከተነዳ አንድ ቀን መንገድ ላይ ነክሶ ይቀራል።»

የወንድሙ ሚስት የበሩን መቃን ተደግፋ ቆማለች። አዋላጅ ናት፤ ከነገ ጀምሮ ምጥ ከያዛቸው ሴቶች ደጅ የሚያደርሳት ይህ የባሏ ሞተር ሳይክል ነው።

«እኔ መንገዱን አልፈራም» አለች። «ድምፁን ነው። ላዩ ላይ ተቀምጬ ያንን ድምፅ መስማት አልችልም። ዛሬውኑ አውጣልኝ፣ ወንድሜ።»

ጓዳ ውስጥ የሳህን መንኳኳት ቀጥ አለ። እናቱ ሰምታለች።

ታላቅየው በሳምባ በሽታ ከመሞቱ በፊት፣ ሲመሽ ያ ማጉረምረም ከመታጠፊያው ሲሰማ እናት ማንም ሳይጠራት ተነስታ የበሩን መወርወሪያ ታነሳ ነበር። ከቀብሩ ወዲህም አልተወችም። ሞተር ሳይክሉ በረንዳው ስር ሸራ ለብሶ ቆሞ እሷ ግን «ታጠፈ፣ መጣ» ብላ ትነሳለች። ሐዘን ነው፣ ቀን ሲገፋ ይለቃታል ተባለ።

«ልጄን ዝም ልታሰኙት ነው?» አለች ከጓዳ ብቅ ብላ።

«እማዬ፣ ብረት እኮ ነው።»

«ብረት መሆኑንማ መች አጣሁት!»

ሁለቱንም ማየት ከበደውና ወደ ሥራው አጎነበሰ። ዘይቱን ሲያፈስ ብናኝ ብረት አብሮ ወረደ፤ በሻማ ብርሃን እንዳለ አቧራ ያብለጨልጭ ነበር። የሞተሩን ቤት ለሁለት ከፍሎ ክራንኩን አወጣ። አሮጌውን ኩሽኔታ ስቦ ካላቀቀ በኋላ በጣቱ ላይ አሽከረከረው። አጉረመረመ። ቶሎ በጨርቅ ቋጥሮ ኪሱ ከተተው።

ጉዳቱን ቀድሞ ጠርጥሮ አዲሱን ከማለዳ ጀምሮ በፍሪጁ በረዶ ቤት አስቀምጦት ነበር። የሞተሩን ቤት ምድጃ ላይ ጥዶ ሊያመጣው ሲሄድ ቦታው ባዶ ነው።

እናቱ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለት እጇን በሹራቧ ስር ደብቃለች።

«እማዬ፣ ኩሽኔታው የታለ?»

«እያሞቅሁት ነው» አለች። «እጄ ላይ ተጣበቀ እኮ፣ ከብርዱ የተነሳ። ወንድምህንም እንዲህ በረዶ ቤት አስተኝታችሁት ነበር። እጁን ልያዝለት ብል ከለከላችሁኝ።»

ሊቆጣ አስቦ ነበር፤ ቁጣው ከየት ይምጣ? እግሯ ስር በርከክ አለ።

«ካልበረደ አይገባም፣ እማዬ። እንዲህ ሞቆ በመዶሻ ብመታው ኳሶቹ ይቆስላሉ። ሲበርድ ይኮማተራል፣ ቤቱን ደግሞ እኔ አሙቄ እጠብቀዋለሁ። ያኔ ሳይመታ በራሱ ይገባል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ከቤቱ ጋር እኩል ይሞቃል።»

ኩሽኔታውን ከሹራቧ ስር አውጥታ አገላብጣ አየችው። በመጨረሻ ተነስታ ራሷ በረዶ ቤቱን ከፈተች፤ ከስሩ ንጹሕ ጨርቅ አነጠፈችና አስቀመጠችው። «ሳይመታ ግን» አለች።

ሳይመታ ገባ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የበረደው ቀለበት በጋለው ቤት ውስጥ «ጧ» ብሎ ተቀመጠ፤ እንደ ትንሽ መሳም። ሁሉንም መልሶ ገጥሞ፣ ዘይት ሞልቶ ፔዳሉን ረገጠ። ሞተሩ እንደ ንብ ቀፎ እም አለ። ማጉረምረም የሚባል የለም። አዋላጇ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። እናት ወደ ውስጥ ገባች።

መሸ። ሦስቱም ሳሎን ተቀምጠዋል፤ በረንዳው ስር የጠፋው ሞተር እየቀዘቀዘ ጠቅ ጠቅ ይላል።

ያኔ ከመታጠፊያው በኩል ተሰማ። ጎርናናው፣ የተፋፋቀው፣ ጉሮሮውን የሚጠርገው ድምፅ።

መካኒኩ አሮጌውን ኩሽኔታ እናቱ ከኪሱ ወስዳ በጣቷ እያሽከረከረች መሰለው። እጆቿን አየ። ሁለቱም ጉልበቷ ላይ ናቸው፣ ባዶ። እጁን ኪሱ ከተተ። ኩሽኔታው በጨርቁ እንደተቋጠረ አለ፤ አይንቀሳቀስም። ግን ሞቋል፤ ሩቅ መንገድ ከሄደ ሞተር አሁን የወጣ ይመስል።

ድምፁ ቀረበ። እናት ምርኩዟን ፈልጋ ልትነሳ ስትል አንድ እጅ ትከሻዋን ያዛት።

«ቁጭ ይበሉ፣ እማማ» አለች አዋላጇ። «ዛሬ እኔ ልክፈትለት።»

ማጉረምረሙ በረንዳው ስር ደርሶ ቀጥ አለ። እሷም መወርወሪያውን አነሳች።