ራንጉን ለሚሄድ አያት የተሰጠ ምክር

ጋሽ ሽኩር ከወሎ ወርደው አሰብ ገበያ ውስጥ ጨርቅና ስኳር መሸጥ ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ባሕሩን ከዳር ሆነው ያዩታል እንጂ አንድም ቀን ተሳፍረውበት አያውቁም። አሁን ግን በርማ፣ ራንጉን ከተማ ድረስ ሊሄዱ ነው። ልጃቸው ራዲያ ሩዝ ጭኖ በመጣ መርከብ ላይ ጸሐፊ የነበረ የራንጉን እስላም አግብታ አገሩ ገብታለች። ወንድ ልጅ ወልዳ በጋሽ ሽኩር አባት ስም ዓሊዪ ብላዋለች። ሽማግሌው የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሳይሞቱ እጃቸውን በዚያ ሕፃን ራስ ላይ ጭነው መመረቅ።

መምህር ወሰኔን ሱቃቸው ያስጠሩትም ለዚሁ ጉዞ ነበር። ወሰኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። ራንጉን አራት ዓመት ተምሮ ከተመለሰ ወዲህ አሰብ ተመድቦ ያስተምራል። ተመለሰ ይባል እንጂ መመለሱ ለራሱም ያጠራጥረዋል። አንድ ቀን የርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ሲገባ ያዩት አስተማሪዎች እስከ ዛሬ «ወሰኔ፣ ጫማህ ደህና አደረ?» ይሉታል። ራንጉን ደግሞ ጓደኛውን ጉንጩን ስሞ ሰላም ሲለው ግቢ ሙሉ ተማሪ ስቆበት ነበር። የትኛው የዚህ፣ የትኛው የዚያ እንደሆነ ለመለየት አንዳንዴ መንገድ ላይ ቆሞ ያስባል።

«በል ንገረኝ» አሉት ጋሽ ሽኩር የጨርቅ ጣቃ ላይ አስቀምጠው። «ከመርከብ ከምወርድበት ጀምርልኝ።»

«መጀመሪያ ዝናቡ ነው። እርስዎ በሚደርሱበት ወራት ቀን ከሌት አያባራም። ጃንጥላ ይያዙ።»

«ጃንጥላ ለፀሐይ እሸጣለሁ እንጂ አሰብ ላይ ለዝናብ ሲሆን አይቼው አላውቅም። እሺ፣ ሌላስ?»

«የቆዳ ጫማ አይውሰዱ፣ ይሻግታል። ሰው ቤት ሲገቡ ጫማ ይወልቃል። ወንዱም ሴቱም ሽርጥ ነው የሚያገለድመው።»

«እንደኛ አፋሮች!»

«ዕቃ ሲያቀብሉ በቀኝ እጅ ነው፤ ግራው ክንድ ይደግፋል።»

«ይኼማ የወሎ ነው! ታዲያ ‹አገርዎ ሊገቡ ነው› አትለኝም?» ብለው ሳቁ።

ወሰኔም ሳቃቸው ደስ አለውና ሳያስበው ቀጠለ። «አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። እዚያ የሰው ራስ አይነካም። የሕፃንም ቢሆን። ራስ ክቡር ስለሆነ እጁን የሚጭን ሰው እንደ ተሳዳቢ ነው።»

ሳቁ ተቋረጠ። ጋሽ ሽኩር መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት።

«አያትም ቢሆን?»

«አያትም ቢሆን…» አለ ወሰኔ። «ይመስለኛል።»

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ ረቢዓ፣ የጋሽ ሽኩር ባለቤት፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁት።

«አንተ አስተማሪ፣ ባሌን ምን አድርገህ ነው የላክህልኝ? የሸከፉትን ሳጥን ፈቱት! ‹እጄን ካልጫንኩበት ምን ልሠራ ባሕር እሻገራለሁ› ብለው ቁጭ ብለዋል። የሚሳፈሩበት ሸራ ጀልባ፣ ሳንቡኩ፣ ከቀትር በኋላ ወደ ዓደን ይነሣል፤ የራንጉኑ መርከብ የሚያዘው ከዚያ ነው። የልጄን ዓይን አይቶ የሚመጣልኝን ሰው አስቀረህብኝ እኮ!»

ወሰኔ አብሯቸው ሄደ። በመንገዱ ሁሉ አንድ ሐሳብ ያመላልሰው ጀመር። ራስ አይነካም ያለው ማን ነው? ራንጉን ቤት ያከራየችው ሴትዮ ናት። የታናሽ ልጇን ጸጉር ሲዳብስ ሕፃኑን ከእጁ መንጭቃዋለች፤ ኋላ ደግሞ ፈገግ ብላ ሻይ ሰጥታዋለች። ተቆጥታ ነበር ወይስ አልተቆጣችም? እሱስ ያን ሻይ ይቅርታ ነው ብሎ ጠጣው እንጂ መቼ ጠየቀ?

ጋሽ ሽኩርን ባዶ ሳጥን አጠገብ ተቀምጠው አገኛቸው። ወሰኔ ያበላሸውን ለማቃናት ቸኮለ።

«ጋሽ ሽኩር፣ ምርቃትማ እዚያም አለ። ልጁ ይሰግዳል፣ ሽማግሌው ከተቀመጠበት ሳይነሣ በአፉ ይመርቃል። እንዲህ» አለና ተንበርክኮ፣ መዳፎቹን ገጥሞ፣ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፋ።

ጋሽ ሽኩር እሳት እንደነካው ሰው ዘለው ተነሡ። «አስተግፊሩላህ! ተነሥ! ለሰው ይሰገዳል? ልጄን የት ነው የሰደድኳት?»

«አይ፣ አይ! አማቾችዎ እስላም ናቸው። ይኼ የቡድሃዎቹ ነው፣ እኔ የተከራየሁበት ቤት…» ብሎ ከተደፋበት ተነሣ።

ወይዘሮ ረቢዓ ዓይናቸውን አጠበቡ። «ራስ አይነካም የሚሉትስ የትኞቹ ናቸው?»

ወሰኔ መንገድ ላይ የሸሸው ጥያቄ ቤት ድረስ ተከትሎት መጣ። እሱ በነበረበት ሰፈር አንድ እስላም ሻይ ቤት ነበረው፤ ልጆቹ በወንበሮቹ መካከል ይሯሯጡ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ፈለገ። ማንቆርቆሪያው ታየው፣ ወንበሮቹ ታዩት፣ ልጆቹም ታዩት። ራሳቸው ላይ ያረፈ እጅ ግን አልታየውም። ያላረፈም አልታየውም።

«አላውቅም» አለ።

«ያን ያህል ዘመን ኖረህ?» አሉ ጋሽ ሽኩር።

«ያን ያህል ኖሬ። ገባኝ ስል ሌላ ይሆንብኛል። እዚህ ከመጣሁ ወዲህም እንደዚያው ነኝ።»

ሽማግሌው ሽርጣቸውን አንሥተው ሳጥኑ ውስጥ ወረወሩት። «ትናንት እርግጠኛ መስለኸኝ ነው የፈታሁት። ረቢዓ፣ መልሺው ዕቃውን። የምጨነቅ ከሆነ ልጁን እያየሁ እጨነቃለሁ እንጂ ሱቄ ተቀምጬ አልጨነቅም!»

ከቀትር በኋላ ወደቡ ላይ ሳንቡኩ ሸራውን ሊዘረጋ ነው፤ የጀልባው አለቃ ናኹዳው በዓረብኛ ይጮሃል፣ የቡና ጆንያ የተሸከሙ ወዛደሮች እየተጋፉ ያልፋሉ። ወሰኔ ሳጥኑን ጭኖ ሲመለስ፣ መንገደኛ ሽማግሌ ሲሰናበት እንደሚደረገው፣ ለመመረቅ ራሱን ዝቅ አደረገ። ጋሽ ሽኩር «አላህ…» ብለው እጃቸውን አነሡና አየር ላይ አቆሙት።

«ያንተስ?»

«የኔ ምን?»

«ራስህ ነዋ! ይነካል ወይስ አይነካም?»

ወዛደሮቹ ሳይቀሩ ዘወር አሉ። ወሰኔ ወዲያው ሊመልስ ፈለገ። ደብረ ብርሃን ሳለ አባቱ በየጠዋቱ እጃቸውን ይጭኑበት ነበር። ራንጉን ግን ማንም ነክቶት አያውቅም፤ ከተመለሰ ወዲህ ጸጉር አስተካካዩ እንኳ ሲነካው ይደነግጣል።

«እንጃ፣ ጋሽ ሽኩር» አለ ጎንበስ እንዳለ። «እስቲ ይሞክሩት።»

ከባዱ፣ ትኩሱ እጅ ጸጉሩ ላይ አረፈ። ወሰኔ ክው አለ። ራሱን ግን ቀና አላደረገም።