ያደረ ውሃ

ደብረ ታቦር ላይ ውሃ በፈረቃ ነው። የፈረቃው ቀን ሲነጋ ሰፈሩ ሠርግ ያለበት ይመስላል፤ በርሚል ይንከባለላል፣ ጀሪካን ይታጠባል፣ ሴቱም ወንዱም እጅጌውን ይሰበስባል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ። ካለፈው ፈረቃ የተረፈው ውሃ ይደፋል። ሩብ በርሚል ይሁን ግማሽ፣ ማንም አይሳሳለትም፤ ያደረ ውሃ ነዋ። ያደረ ውሃ ሞቷል፣ ያደረ ውሃ ሆድ ይነፋል፣ ያደረ ውሃ ለሰው አይሰጥም። ይህን ከእናቶቻቸው ነው የሰሙት። እናቶቻቸው ግን ምንጭ አፍ ላይ የሚኖሩ፣ ጠዋት ጠዋት እንስራ አዝለው አዲስ ውሃ የሚቀዱ ሰዎች ነበሩ። ልጆቹ ምንጩን ትተው ወጉን ብቻ ይዘው ከተማ ገቡ።

በሰፈሩ ቤት ተከራይታ የምትኖረውን ጥሩወርቅን እርር ድብን የሚያደርጋት ይህ ነበር። ውሃ ሲደፋ አይታ አንጀቷ መቃጠል የጀመረው ዛሬ አይደለም። ዓረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ የነበረችበት ከተማ በረሃ ላይ የተቆረቆረ ነው፤ ወንዝ የለው፣ ምንጭ የለው፣ የባሕር ውሃ ጨዉ እየተለየ ነው የሚጠጣው። ማዳሟ ግን አቧራ ኖረም አልኖረም ጠዋትና ማታ የግቢውን እብነ በረድ በጎማ ታሳጥባት ነበር። አንድ ቀን ጥሩወርቅ መሐል ላይ ቧንቧውን ዘግታ በመጥረጊያ ብትጨርሰው፣ ማዳሟ ከት ብላ ስቃ «አገርሽ ውሃ አይተሽ አታውቂም እንዴ?» አለቻት። የምንጭ አገር ልጅን። ጥሩወርቅ ከዚያ ቤት ይዛው የተመለሰችው ብዙ ነገር የለም፤ ያንን ሳቅ ግን እስከ ዛሬ ይዛዋለች።

አገሯ ቀጭን ውሃ ይባላል፤ ወደ ገሳይ ሲሄዱ ከመንገዱ ገባ ብሎ ያለ መንደር ነው፣ ስሙን ከምንጩ ነው ያገኘው። ታላቅ ወንድሟ ይሻው የመንደሩ የውሃ አባት ነው። የውሃ አባት ማለት በበጋ ምንጩን ለየማሳው በተራ የሚያካፍል፣ ተራውን አልፎ ቦይ የሰበረውን የሚዳኝ ሰው ነው። ጥሩወርቅ ያለችበት የከተማው ላይኛው ሰፈር ውሃ ሲያጥረው ሽማግሌ ልኮ የለመነው እሱን ነው። ይሻውም መንደሩን ሰንበቴ ላይ ሰብስቦ፣ ቄሱ ባሉበት አስማምቶ ምንጩን ፈቀደ። ውሉ አጭር ነው፤ የሰፈሩ ታንከር እስኪሞላ ውሃው የከተማ፣ ከሞላ በኋላ ያለው የመንደሩ።

ታንከሩ አልሞላም። ከገና ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ሞልቶ አያውቅም። እንዴትስ ይሙላ፣ ሰፈሩ እየቀዳ እየደፋ። ቀጭን ውሃ ላይ የድንቹ ቅጠል ጠወለገ፣ የነጭ ሽንኩርቱ መደብ ተሰነጣጠቀ፣ ከብቱ ቆላ ድረስ ወርዶ ይጠጣ ጀመር። ይሻውን ያመሰገኑት ሰዎች አሁን «ምንጭ የሸጠ» እያሉ ከኋላው ያሙታል። ሰንበቴው ምንጩን ወደ ቦዩ ሊመልስ ሲነሳ የለመነችው ጥሩወርቅ ናት።

«ጋሼ፣ አንድ ፈረቃ ብቻ ታገሡኝ። እኔ እነግራቸዋለሁ። ሰው አይደሉም እንዴ፣ ካወቁ በፈቃዳቸው ይቆጥባሉ» አለችው በስልክ።

«በፈቃዳቸው?» አለ ይሻው። ውሃ በፈቃዱ የቆጠበ ሰው አይቶ አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው ተራና ዳኛ ነው። ቢሆንም እህቱ ናት። ቃሏን ቃሉ አድርጎ ሰንበቴውን ለመነላት።

ነገረቻቸውም። እድሩ በተሰበሰበ ዕለት ተነስታ የድንቹን፣ የከብቱን፣ የወንድሟን ነገር አንድ ሳታስቀር ዘረገፈችው። «ያደረውን አትድፉት። ክዳን ከገጠማችሁለት ይጠጣል። ካልጠጣችሁት ልብስ እጠቡበት፣ ጎመን አጠጡበት፤ ፈረቃው ሲመጣ የጎደለውን ብቻ ሙሉ። ሌላ ምንም አልለምናችሁም» አለች። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ አንዳንዶቹም አለቀሱ። አከራይዋ እትዬ እመቤት ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱና «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ምንጩን የሰጠን ሰው ማሳው እየደረቀ እኛ ውሃ ብንደፋ እግዜርም አይወደው» አሉ። ባለ ሱቋ ፈንታነሽ በማርያም ማለች። ሌላውም እየተከተለ ማለ። ያስገደዳቸው አልነበረም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤ ይባላል እንግዲህ።

ጥሩወርቅ ከዚያ ቀን ጀምሮ በርሚሏን እንደ ዓይኗ ብሌን ጠበቀችው። ክዳን ገጠመችለት፣ በጆግ እየለካች ታጠበች፣ የዕቃ እጣቢውን ለጎመን አደረገች። ፈረቃው ሲቃረብ በርሚሉ ከግማሽ በላይ ነበር። ደስ ብሏት ወንድሟ ጋ ደወለች። «ቅዳሜ ለገበያ ስትመጣ ቤቴ ግባና በዓይንህ እይ። ያየኸውን እሑድ ለሰንበቴው ትነግራለህ» አለችው።

ቅዳሜ የፈረቃው ቀን ነበር። ይሻውን መናኸሪያ ተቀብላው በእግር ወደ ሰፈሯ ሽቅብ ወጡ። በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ስለ ልጆቹ ያጫውታት ነበር። ኮብሉ መንገድ ላይ ሲደርሱ ወሬውን አቋረጠ። የመንገዱ ዳር ቦይ ጢም ብሎ ይፈስሳል። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ አልፎ አልፎ የሳሙና አረፋ ይዞ ይወርዳል። ወሩ መጋቢት ነው፤ ሰማዩ ላይ መዳፍ የምታህል ደመና የለችም።

«እዚህ ዘንቦ ነበር እንዴ?» አለ።

የምሩን ነው የጠየቀው። ጥሩወርቅን ከስድብ በላይ ያማት ይህ ነው፤ ቢሰድባት መልስ አታጣም ነበር። ፊቷ ጋለ። እርምጃዋን አፈጠነች፣ እሱም ዓይኑን ከቦዩ ሳይነቅል ተከተላት።

ማዕዘኑ ላይ ፈንታነሽ በርሚሏን በእግሯ ገፍታ ገልብጣ፣ ውሃው ዥው ብሎ ወደ ቦዩ ሲገባ ቆማ ታያለች። ጥሩወርቅን ስታይ ትንሽ ደነገጠች።

«ፈንታነሽ፣ ምነው? በማርያም አልማልሽም?»

«ምያለሁ» አለች ፈንታነሽ። «አስቤም ነበር። ግን ጎረቤቱ ሁሉ ሲደፋ እያየሁ እኔ ብቻዬን ያደረ ልጠጣ? እነሱ ቢተዉ እኮ እተው ነበር።»

ጎረቤቱም ቢጠየቅ ይህንኑ ይላል። ሰፈሩ በሙሉ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ሁሉም ደፍቶታል። ጥሩወርቅ ያን በርሚል አንስታ ፈንታነሽ ራስ ላይ ብትደፋው ደስ ባላት። አልደፋችውም፤ በርሚሉም ባዶ ነው። በሆዷ የቀረ አንድ ተስፋ ነበራት፤ የራሷ በርሚል። ቢያንስ አንድ ሰው ቃሉን ጠብቆ መኖር እንደሚችል ለወንድሟ ታሳየዋለች፣ እሱም ለሰንበቴው የሚነግረው አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል።

የግቢውን በር ሲከፍቱ እትዬ እመቤት እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ብቅ አሉ። ፊታቸው በርቷል።

«እንኳን ደህና መጣህ ልጄ፣ ግባ ግባ» አሉ ለይሻው። ከዚያ ወደ ጥሩወርቅ ዞር ብለው «አንቺ፣ አታስቢ። በርሚልሽን ገልብጬ፣ ውስጡን በአሸዋ ፈትጌ አዲስ ሞልቼልሻለሁ» አሏት።

ጥሩወርቅ ወደ በርሚሉ ሄደች። ክዳኑ መሬት ላይ ተጥሏል። ውሃው እስከ አፉ ሞልቶ በጎኑ እየፈሰሰ የግቢውን አፈር አጨቅይቶታል። ቧንቧው አልተዘጋም።

«እትዬ» አለች። «እድሩ ላይ ምን ነበር ያሉት?»

«ያልኩትንማ ብያለሁ። እኔኮ ለራሴ ብዬ አይደለም። እንግዳ ሊመጣብሽ ነው፤ ለገዛ ወንድምሽ፣ ምንጩን ለሰጠን ሰው፣ ያደረ ውሃ ልታቀርቢለት ኖሯል? ነውርም አይደል?»

ለክብሩ ነው የደፉት። የደረቀበትን ሰው ውሃ፣ ለደረቀበት ሰው ክብር ብለው። ክፋት ቢሆን ትታገለው ነበር፤ ማዳሟ ክፉ ነበረች፣ ክፉን ታውቀዋለች። ይህን ግን በምን ትታገለው? ጥሩወርቅ ቧንቧውን አንቃ ዘጋችው። እጇ እስኪነጣ ድረስ አጠበቀችው።

እትዬ እመቤት ማስታጠቢያ አምጥተው ይሻው ፊት ቆሙ። ከአዲሱ ውሃ በጆግ ቀድተው እጁ ላይ ለቀቁበት። በልግስና ነው የሚያፈሱት፤ ውሃው ከእጁ አልፎ ክንዱን፣ ከክንዱ አልፎ ጫማውን አራሰው።

«ይበቃል፣ እትዬ» አለ።

«ኧረ ታጠብ፣ ዛሬ ውሃ መጥቷል።»

«ይበቃኛል፣ ይተዉት» አለና እጁን ሰበሰበ። እርጥብ እጁን አራገፈ። ከዚያ እህቱን ቀና ብሎ አያት። ቁጣ አልነበረውም፤ ደክሞት ነበር።

«ነገ ሰንበቴው ይጠይቀኛል» አለ። «አንቺ ያልሽውን ነው የምነግራቸው። ቃልሽ ቃሌ ነው ብያለሁ። ምን ልበል?»

ጥሩወርቅ የምትለው ነገር ጠፍቶባት አልነበረም። ትንሽ ታገሡ፣ ይማራሉ፣ ሰው ናቸው። ሁሉም ምላሷ ላይ ነበር። ይህን ብትል ግን ወንድሟን በሐሰት ሰንበቴ ፊት ልታቆመው ነው። ከበሩ ውጭ የውሃው ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭን ውሃ ላይ ቦዩ ሲፈስ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነው። ልጅ ሆና በዚያ ድምፅ ነበር የምትተኛው።

«ዝጉት በላቸው» አለች።

እትዬ እመቤት ጆጉን እንደያዙ ቀሩ።

«ጥሩወርቅ፣ ልጄ፣ ምን ማለትሽ ነው? ምንጩን?»

«ምንጩን፣ እትዬ።»

«ታዲያ እኛ ምን ልንጠጣ ነው?»

«ያደረውን» አለች ጥሩወርቅ።

ያደረው ግን ከግቢው በር ወጥቶ፣ ከፈንታነሽ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ፣ በቦዩ ቁልቁል እየወረደ ነበር።