የመጭመቂያው እጣቢ

ትዕግሥት ሲታደል እኔ ሌላ ሰልፍ ላይ ነበርኩ መሰለኝ። ያን ቀን ጠዋት ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ። አባቴን ለዓይን ቀዶ ሕክምና እሺ ማሰኘት ነበረብኝ። ሐኪሟ "የግራው አልፏል፤ ቀኙን አሁን ካልደረስንለት እሱም ይከተላል" ብላ ለማግስቱ አልጋ ይዛልን ነበር። እስከ ቀትር መልስ ካልሰጠን አልጋው ለሌላ ሰው ይሰጣል። አባቴ ግን የቀዶ ሕክምና ወሬ ሲነሳ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

"ዓይኔ ምን ሆነ? ይልቅ ተነሽ፣ ብርቱካን እንግዛ" አለኝ።

ዕድሜውን ሙሉ ፍራፍሬ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ሱቁን ከዘጋ በኋላም የቤታችንን ብርቱካን ከእሱ በቀር የሚመርጥ የለም። መንገዱን ሙሉ ታላቅ ወንድሜ "እሺ አለ?" ለማለት እየደወለ ስልኬን ኪሴ ውስጥ ያንቀጠቅጠዋል። አባቴ ክንዴን ያዝ አድርጎ ይሄዳል።

"ጉልበቴን ነው" ይላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ፍራፍሬ ቤቱ ደጃፍ እንደደረስን እጁን ክምሩ ውስጥ ሰደደ። ሁለት ብርቱካን በሁለት መዳፉ ይዞ ይመዝናል፤ ከበድ የሚለውን ያስቀራል፤ ልጣጩን በአውራ ጣቱ ዳበስ፣ እንብርቱን ሸተት ያደርጋል። ድሮም ቢሆን ቀለም አያምንም፤ "ቀለም ይዋሻል፣ ክብደት አይዋሽም" እያለ ነው ያሳደገን። ስለዚህ ምን ያህል እንደሚያይ ከአመራረጡ ማወቅ አይቻልም። እኔን ያንጨረጨረኝም ይኸው ነበር።

"አባባ፣ ብርቱካን ነው የሚመርጡት ወይስ ምራት?" አለችው ሻጯ።

"ምራቴንማ ልጄ ራሱ መረጣት። እኔ በብርቱካን ልካስ እንጂ!"

ሻጯ ከት ብላ ሳቀች። እኔ የምስቅበት አንጀት አልነበረኝም።

"በል ቶሎ በል አባዬ!"

"ምን ያጣድፍሻል? ብርቱካን እግር የለው፣ አይሮጥብሽ።"

ቤት ገብተን ሥራ ጀመረ። ብርቱካኖቹን አጠበ፣ በጨርቅ አደረቀ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ በመዳፉ ጫን እያለ አንከባለላቸው፤ እንዲህ ሲደረግ ውስጣቸው ላላ ይልና ውሃቸውን ይለቃሉ። በወገባቸው እየቆረጠ መጭመቂያው ላይ አዞራቸው። እስከ ልጣጩ ድረስ አይጫንም፤ ጭማቂው ይመርራል። ፍሬውን በወንፊት አስቀርቶ ጭማቂውን ሲቀዳ አመልካች ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ ከተተ። ጭማቂው ጣቱን ሲነካው አቆመ። ይኼን ድሮ አያደርግም ነበር። እኔ ቁጭ ብድግ እላለሁ፤ መስኮቱ ጋ ሄጄ እመለሳለሁ።

በእኛ ቤት መጭመቂያ ዝም ብሎ አይታጠብም። ጥቂት ውሃ ይፈስበትና እጣቢው በሌላ ብርጭቆ ይቀመጣል፤ የጨመቀው ሰው ይጠጣዋል። አባቴ "የሠራተኛው ድርሻ" ይለዋል። እናቴ በሕይወት ሳለች "የቋጣሪው ድርሻ" ትለው ነበር። ሁልጊዜ እጣቢው በግራ፣ ጭማቂው በቀኝ ነው።

ያን ቀን እጣቢውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ስልኬ ሲንቀጠቀጥ ብርጭቆውን ግራ ቀኝ ሳልል ባገኘሁት ቦታ አስቀምጬ ዞርኩ።

"እሺ አለ?" አለ ወንድሜ።

"አላለም!" ብዬ ዘጋሁበት።

ስመለስ አባቴ በቀኝ በኩል ያለውን ብርጭቆ አንስቷል። ከመቅመሱ በፊት እንደ ልማዱ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገው።

"እዪው ቀለሙን! ማር አይመስልም?"

የያዘው እጣቢውን ነበር። ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል እንጂ ከውሃ አይለይም። ጭማቂው በግራ በኩል ቁጭ ብሏል።

ስንት ቀን ሙሉ ልጮህበት ያጠራቀምኩት ንግግር ነበረኝ። ማስረጃው ይኸው በገዛ እጁ መጣልኝ። "አየህ!" ልለው አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ገጠምኩት። ፈገግ ብሎ መልሴን ይጠብቃል፤ ፊቱን ያዞረው ግን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ማቀዝቀዣው ነው። አንጀቴን በላው።

ፈገግታው ቀስ በቀስ ጠፋ። ብርጭቆውን ሳይቀምስ ዝቅ አደረገው፣ በሌላው እጁ ጠረጴዛውን እየዳሰሰ ሁለተኛውን ፈልጎ አገኘ። ሁለቱንም ልክ እንደ ብርቱካኖቹ መዘናቸው።

"ይኼ እጣቢው ነው?"

"አዎ፣ አባዬ።"

"ማር ይመስላል አልኩሽ፣ አይደል?"

"አልክ።"

ስልኬ እንደገና ተንቀጠቀጠ። አባቴ ጭማቂውን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ።

"ስልኩን አንሺው እንጂ" አለ። "አልጋዬን ለሰው እንዳይሰጡብኝ።"

ከዚያ የሠራተኛውን ድርሻ አንስቶ እስከ መጨረሻው ጠጣው።