አገልግሎት ጀምሯል

ኦቦ ኢፋ ሆራ በመቂ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎችን ወክለው የክልሉ ምክር ቤት፣ ጨፌ፣ የገቡት ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ካስተማሩ በኋላ ነው። ቤታቸው አዳማ ነበር። እዚያው አንድ ክፍል ቢሮ ተከራይተው በየወሩ ለመራጮቻቸው አንድ ወረቀት ያሳትማሉ፤ በአንድ ፊቱ አማርኛ፣ በሌላው አፋን ኦሮሞ። «ከወኪላችሁ» ይባላል። የትኛው መንገድ እንደተጠረገ፣ ማዳበሪያ ከየት እንደሚወሰድ፣ የፋይዳ ምዝገባ በየትኛው ቀን በየትኛው ቀበሌ እንደሚካሄድ ይናገራል። እንዲህ ያለ ነገር ያድርጉ ብሎ ያስገደዳቸው የለም። ሕዝብ የሚሆነውን ካላወቀ መመረጥ ትርጉም የለውም ይሉ ነበር፤ ያምኑበትም ነበር።

ወረቀቱን የምታዘጋጀው ሱሃይላ ናት። አባቷ ከወሎ መጥቶ አዳማ ላይ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ነው። እሷ ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ስትጽፍ ኦቦ ኢፋ አዩዋትና ወሰዷት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የእሳቸውን የተዝረከረከ ማስታወሻ ሰው የሚያነበው አማርኛ ማድረግ ትችልበታለች፤ በዚህም ትኮራ ነበር።

የኅዳሩ ወረቀት አራተኛ ዜና ዳካ ቦሩ በምትባል ቀበሌ ስለተሠራ አዲስ ጤና ጣቢያ ነው። ኦቦ ኢፋ ምረቃው ላይ ተገኝተው ሪባን ሲቆረጥ አይተው ተመልሰዋል። ሱሃይላ ማስታወሻቸውን ይዛ ገባች።

«ኦቦ ኢፋ፣ ማዋለዱን ይጀምራል ልበል ወይስ ጀምሯል?»

«እኔ ምን ብዬ ነው የጻፍኩት?»

«‹አዋላጆቹ ሰኞ ይገባሉ› ነው የሚለው።»

«ዛሬ ሐሙስ አይደል? ታትሞ ሰው እጅ እስኪደርስ ሳምንት ያልፋል። ያን ጊዜ ጀምሯል ነው። ይጀምራል፣ ይሠራል፣ ይደረጋል ስንል እኮ ነው ሕዝቡ የሰለቸን።»

ሱሃይላ ተመልሳ «የዳካ ቦሩ ጤና ጣቢያ ሃያ አራት ሰዓት የማዋለድ አገልግሎት ጀምሯል» ብላ ጻፈች። ሃያ አራት ሰዓት የሚለውን የጨመረችው ራሷ ናት። እሳቸውም አንብበው አሳለፉት።

ሰኞ ግን አዋላጆቹ አልገቡም። በተከታዩም ሰኞ አልገቡም። ኋላ ምክንያቱ ሲጠየቅ እያንዳንዱ ሰው የተለያየ ነገር ተናገረ፤ አንዱ የምደባ ደብዳቤ ነው አለ፣ አንዱ የመኖሪያ ቤት፣ ሌላው የመብራት ቆጣሪ። አዳማ ላሉት ሁለት ሰዎች ደውሎ የነገራቸው አልነበረም፤ እነሱም አልደወሉም።

ከዳካ ቦሩ በባጃጅ ሃያ ደቂቃ የሚያስኬድ ሰፈር ውስጥ ሰሊማ የምትባል ሴት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗን እየጠበቀች ነበር። ባሏ ዓብዱ በመስኖ ሽንኩርት ያለማል። ክትትሏ መቂ ነው፤ መቂ ግን በሌላ አቅጣጫ፣ መንገዱ ሲመች አንድ ሰዓት ነው። ወረቀቱን ወደ ሰፈሩ ያመጣው ሱፊያን የሚባል ባለባጃጅ ነበር። መቂ መናኸሪያ ሲታደል ሰባት ስምንት ቅጂ ተቀብሎ አንዱን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ አንዱን ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጠፈ፤ አንዱን ደግሞ የዓብዱ እናት ስለጠየቁት ደጃፋቸው ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። አራተኛው ዜና ላይ ሲደርስ አሮጊቷ «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ምጡ የመጣው ረቡዕ ጠዋት ነው። ዓብዱ ሱፊያንን ጠራው፤ ወዲያው መጣ። ሰሊማ ነጠላዋን ተከናንባ፣ አማቷን ተደግፋ ወጣች።

«መቂ ይሻለኛል፤ ያውቁኛል» አለች።

«መቂ አንድ ሰዓት ነው፤ መንገዱን ታውቂው የለ?» አለ ሱፊያን። «ወረቀቱ ሃያ አራት ሰዓት ነው የሚለው። ደጅሽ ላይ እያለልሽ ለምን ትሰቃያለሽ?»

ዓብዱ ሚስቱን አየ፤ እሷ ደግሞ ምጥ መጥቶባት አጎንብሳ ነበር። ወደ ዳካ ቦሩ ሄዱ።

የጤና ጣቢያው ግቢ ቀለሙ ገና የሚሸት ነበር። በሩ ተቆልፏል። ሱፊያን ጡሩንባ ሲነፋ አንድ ዘበኛ ከጥላ ሥር ብድግ ብሎ መጣ፤ ሴትዮዋን ሲያይ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«አዋላጅ የለም እኮ። ማን ነው ወደዚህ ያላችሁ? አልጋው እንኳ ላስቲኩ አልተነሳለትም።»

ዓብዱ በሩን በቡጢ ደበደበው። ዘበኛው አልተቆጣም፤ ቆይ ልደውል አለና ለሦስት ሰው ደወለ። አንዱ አላነሳም፣ አንዱ ስብሰባ ላይ ነኝ አለው፣ ሦስተኛው ለአምቡላንስ እደውላለሁ ብሎ ዘጋ። አምቡላንስ ሲጠብቁ ግማሽ ሰዓት አለፈ። አማትየው «ልጆቼ፣ እንሂድ» አሉ። ባጃጇ ዞረች። የራሳቸውን ቤት አልፈው ወደ መቂ ነዱ። አስፋልቱ ጋ ሊደርሱ ሲሉ ሽንኩርት የሚጭኑ አይሱዙዎች መንገዱን ሞልተውት ነበር። ዓብዱ ወርዶ እየሮጠ ለመነ፤ ደላሎቹም ጫኞቹም ሥራቸውን ትተው መኪኖቹን አስጠጉላቸው።

መቂ ሲደርሱ ከቤት ከወጡ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗቸዋል። የተወለደችው ሴት ናት። አላለቀሰችም። ሐኪሙ ብዙ ሞከረ፤ ከዚያ ወጥቶ ዓብዱን ወደ ጎን ወሰደው። ዓብዱ «ቀጥታ ብንመጣ ኖሮስ?» ብሎ ጠየቀው። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ «ትተርፍ ነበር ብዬ ልምልልህ አልችልም» አለው። «አትተርፍም ነበርም አልልህም።» ሕፃኗን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀበሯት።

እሑድን አሳልፎ ሰኞ ሱፊያን ሚኒባስ ተሳፍሮ አዳማ ሄደ። የቢሮው አድራሻ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ነበረ። ሱሃይላ ብቻዋን ነበረች። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግቶ አራተኛው ዜና ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይሄን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ምን ነበር?»

የሆነውን ነገራት። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሲጨርስ፣ «እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው» አለ። «መቂ ልሂድ ብላ ነበር፤ እኔ ነኝ የመለስኳት። አሁን ለባሏ እናት ሰላምታ መስጠት አቅቶኛል።» ቁጭ በል አለችው፤ አልቀመጥም አለ።

ኦቦ ኢፋ ከሰዓት ገቡ። ሁሉንም ቆመው ሰሙና ስልካቸውን አንስተው እየተዘዋወሩ ደወሉ። አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው፣ አሁን እንደሳቸው ተመራጭ የሆነ ሰው፣ ሱሃይላ እስክትሰማው ድረስ ጮክ ብሎ መከራቸው፦ «ሂድና ቤተሰቡን አጽናና፤ በጽሑፍ ግን ምንም እንዳታወጣ። የጻፍከው ነገ ራስህ ላይ ምስክር ይሆናል።»

ስልኩን ዘግተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። በመጨረሻ፣ «በሚቀጥለው ወረቀት፣ አገልግሎቱ ‹መጠነኛ መዘግየት› አጋጥሞታል እንላለን» አሉ።

ሱሃይላ በማግሥቱ ፈቃድ ሳትጠይቅ ወደ መቂ ሄደች፤ ሱፊያን ከመናኸሪያ ተቀበላት።

ሰሊማ ፍራሽ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ የቀረበላት አጥሚት ሳይነካ ቆዳ አውጥቷል። ሱሃይላ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ብላ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና ማን እንደሆነች ተናገረች። የዓብዱ እናት ፊታቸውን አዞሩ። ሰሊማ ግን አላዞረችም።

«ይዘሽዋል ወረቀቱን?»

«ይዤዋለሁ።»

«አንብቢልኝ። እንደተጻፈው።»

ሱሃይላ አነበበች። አንድ መስመር ተኩል ነው።

«ሃያ አራት ሰዓት ብሎ ማን ነገራችሁ?»

«ማንም አልነገረንም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«ለምን?»

ሱሃይላ ወደዚህ ስትመጣ፣ በሚኒባስም፣ በባጃጅም ብዙ መልስ አዘጋጅታ ነበር። አሁን ግን «እንዲያምር» አለች።

አሮጊቷ ተነሥተው ወጡ። ሰሊማ ጣሪያውን አየች፤ ከዚያ ሱሃይላን። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችምም።

«ወረቀቱ እኮ አሁንም ወፍጮ ቤቱ በር ላይ አለ» አለች። «አማቴ ናት የነገረችኝ። የጎረቤታችን ልጅ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሰባት ወሯ ነው፤ ትናንት ቆማ ስታነበው አይታታለች። እኔ መነሳት አልችልም። ሂጂና አንሺው።»

ሱሃይላና ሱፊያን ከዚያ እስከ አመሻሹ ድረስ በባጃጅ ዞሩ። ከወፍጮ ቤቱ፣ ከሱቁ፣ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን፣ ከሁለት ሻይ ቤቶች ወረቀቱን ላጡ። አንድ ባለሱቅ «የማዳበሪያው ቀን አለበት፣ ተይው» ብሎ ተከራከራት፤ አራተኛውን ዜና በእስክሪብቶ አጥቁራ ተወችለት። ላገኘቻቸው ሴቶች ሁሉ ዳካ ቦሩ አዋላጅ እንደሌለ ተናገረች። አንዳንዶቹ ያውቁ ነበር። «እኛ እኮ ቀድሞም አላመንነውም» አለቻት አንዷ፣ እንዳታዝን ብላ ይመስላል።

ረቡዕ ጠዋት ኦቦ ኢፋ ሲገቡ ጠረጴዛቸው ላይ አንድ የተተየበ ገጽ አገኙ። ከላይ፣ ከመንገዱም ከማዳበሪያውም በፊት፣ የዳካ ቦሩ ጤና ጣቢያ እስካሁን አዋላጅ እንደሌለው፣ ባለፈው ወር የተጻፈው ስሕተት እንደነበረ፣ እሱን አምነው የሄዱ ቤተሰብ ልጃቸውን እንዳጡ ይላል። «ቢሮው ይቅርታ ይጠይቃል» ብሎ ያበቃል። ከታች የሱሃይላ ስም አለ።

«ትናንት የት ነበርሽ?»

«ቤታቸው።»

ሁለት ጊዜ አነበቡት። ድሮ የተማሪ ደብተር ሲያርሙ እንደሚያደርጉት፣ ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። ሱሃይላ ሊሰርዙት ነው ብላ ተነሣች። እሳቸው ግን «ቢሮው» የሚለውን ብቻ ሰርዘው «እኔ ኢፋ ሆራ» ብለው ጻፉ። ቀጥለው የእሷን ስም ሰረዙ።

«የእኔም ጥፋት ነው ኦቦ ኢፋ።»

«ነው። ግን አንቺን ማንም አልመረጠሽም።»

ወረቀቱ ከወትሮው በእጥፍ ታተመ። ኦቦ ኢፋ ራሳቸው ዳካ ቦሩ ገበያ ላይ ቆመው በአፋን ኦሮሞ አነበቡት። አንድ ሰው ከኋላ ጮኸባቸው፤ ሌሎች ዝም አሰኙት። ከዚያ ወደ ሰሊማ ቤት ሄዱ። ዓብዱ ከማሳው እንዲመጣ ተላከበት፤ ውሃ እያጠጣሁ ነው ብሎ አልመጣም። ከእናቱ ጋር ትንሽ ተቀምጠው ተመለሱ።

ባልደረባቸው የፈራው ነገር በከፊል ደረሰ። በሚቀጥለው ጉባኤ አንዳንድ ሰዎች ሰላምታ ነፈጓቸው፤ አንድ ኮሚቴ ውስጥ ሊገቡ ታስቦ ቀረ። በአንጻሩ ቢሮው ስልክ ይበዛበት ጀመር። ከዚህ ቀደም ተጠገነ ስለተባለ የውሃ ቦኖ አንዱ ይደውላል፣ ተጠረገ ስለተባለ መንገድ ሌላው። ከቀረበላቸው አቤቱታ ግማሹ እውነት ሆኖ ተገኘ። ሱሃይላ አንድ ዜና ከመጻፏ በፊት ለሁለት የሰፈሩ ሰዎች መደወል ልማድ አደረገች፤ በዚህ የተነሣ ወረቀቱ ዘገየ፣ አጠረም። አንዳንድ ወር ከሦስት ዜና በላይ አይኖረውም።

ሱፊያን ለረጅም ጊዜ የዓብዱን ሰፈር እየዞረ ያልፍ ነበር። በጥምቀት ሰሞን የዓብዱ እናት መንገድ ላይ አስቆሙት። «መቂ ልታደርሰኝ ነው ወይስ ልትሸሸኝ?» አሉት። አሳፈራቸው፤ ሒሳብ አልቀበልም ቢላቸው ተቆጡት።

እልፍነሽ የምትባል አዋላጅ ነርስ መጋቢት ላይ ዳካ ቦሩ ገባች። ሱሃይላ ሁለት ቀን እዚያ ቆይታ፣ ዓይኗ እያየ ሁለት ሕፃናት ሲወለዱ ተገኝታ ነው ዜናውን የጻፈችው። ሰሊማ በተከታዩ ዓመት ወንድ ልጅ ወለደች። ዳካ ቦሩ በዚያን ጊዜ ደህና ሠራተኛና ጥሩ ስም ነበራት። ሰሊማ ግን ቀኗ ሳይደርስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ መቂ አክስቷ ቤት ገባች፤ እዚያው ወለደች።