ከታች የሚቆም ሰው

እኔ ሀጂራ መምረጥ አይቸግረኝም። ባል የመረጥኩት በአንድ ቀን ነው፤ ሱቃችንን የተከራየሁት ሻይ እስኪበርድልኝ ድረስ ባለው ጊዜ ነው፤ ሁለቱም አላሳፈሩኝም። ስለዚህ ጣሊያናዊው የኮምባይነር ሻጭ «ሥራችንን ሐሙስ እንጨርሳለን፣ አውሮፕላናችሁ እሁድ ነው፤ አርብና ቅዳሜን በረዶ ላይ እንድታሳልፉ ድርጅታችን ይጋብዛችኋል፤ ከሦስቱ የበረዶ መንሸራተቻ፣ የስኪ ቦታዎች አንዱን ምረጡ» ብሎ ሲጽፍልን፣ ከምሳ በፊት መልሱን እንደምሰጠው አልተጠራጠርኩም። አራት ቀን ፈጀብኝ።

አሰላ ላይ የእርሻ መሣሪያ መለዋወጫ እንሸጣለን፤ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ፊልትሮ፣ የሌለን ነገር የለም። ባለቤቴ ቱፋ ኮምባይነር ነጂ ነው። የጮሌንና የጎበሳን ቁልቁለት ሌላው ኦፕሬተር አይቶ ሲመለስ፣ ባለማሳው የሚደውለው ለቱፋ ነበር። በየካቲት አብረን ጣሊያን ሄደን ያገለገለ ኮምባይነር ልንመርጥ ቪዛችን ወጥቷል። በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳራችን ሩቅ ብለን አብረን የሄድነው ድሬ ሼህ ሁሴን ድረስ ነው፤ ለዚያውም በአይሱዙ፣ ከሃያ ዘመድ ጋር።

ደብዳቤው የመጣ ዕለት ስልኬን ባንኮኒው ላይ አድርጌ ሦስቱን ቦታዎች አነበብኩ። ለሊሳም ነበረ። ለሊሳ ሁለተኛው ነጂያችን ነው፣ የበቆጂ ልጅ፤ ከበቆጂ ውጭ ያለው አገር ሁሉ በረሃ ይመስለዋል።

«ታችኛው፣ ሺህ መቶ ሃምሳ ሜትር» አልኩ።

«ይሄማ መተሐራ ነው» አለ ለሊሳ። «አጎበር ይዛችሁ ሂዱ።»

«መካከለኛው፣ ሺህ ስድስት መቶ።»

«አዳማ!»

«ላይኛው፣ ሁለት ሺህ መቶ።»

«ኤዲያ! አሰላ እንኳ አልደረሰም። እነዚህ ሰዎች በቆጂን ቢያዩ፣ የራሳቸውን ተራራ ተራራ ብለው አይጠሩትም ነበር።»

እኔም ከልቤ ሳቅኩ። አርሲ ላይ አገር የሚታወቀው በሜትሩ ነው። ገብስ የት እንደሚሆን፣ በቆሎ የት እንደሚደርቅ፣ ወባ የት እንደሚይዝ ሜትሩን ንገሩኝና እነግራችኋለሁ። በስልኩ ላይ ያለው የበረዶ ፎቶ ዓይኔን አላሳሳተውም፤ ሌላ ቦታ አንስተው ለጥፈውት ነው አልኩ። ነጋዴ ነኝ፣ ፎቶ እንዴት እንደሚሸጥ አውቃለሁ።

«ላይኛው ነው እንግዲህ» አልኩ። «ቆላ ለመውረድ ሐይቁ ዳር ባቱ ቅርቤ ነው፣ ጣሊያን ድረስ ምን አስኬደኝ?»

ቱፋ ግን ቀና ሳይል «ታችኛው ይሁን» አለ። «ሞቅ ይላል። ለትከሻሽም ይሻላል።»

በማግስቱ ሳምራ መጣች። ሳምራ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ መጥታ ከሱቁ ጀርባ ያለውን ክፍል ተከራይታለች። ለጣሊያን አንድ ነጠላ ይበቃኛል ስላት ደነገጠች።

«እትዬ ሀጂራ፣ ሜትሩ ብቻውን አይበቃም እኮ! እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ እነሱ ወደ ሰሜን ርቀዋል። በየካቲት ሺህ መቶ ሜትር ላይም በረዶው ጉልበት ሊደርስ ይችላል።»

ለሊሳ አጎበሩን አስታውሶ በሳቅ ፈረሰ። እኔም በራሴ ሳቅኩ፤ ሳቅ አልሰስትም። ያልሳቀው ቱፋ ብቻ ነው።

«ታችኛውም ቁልቁለት አለው ማለት ነው?» ብሎ ሳምራን ጠየቃት።

«አለው እንጂ ጋሽ ቱፋ። ያለ ቁልቁለት ስኪ ምኑን ይነዱታል?»

«እንግዲያው ይቅር። ሁለቱን ቀን እዚያው ከተማ ውስጥ ኩሽኔታ እናያለን።»

ደሜ ፈላ። እዚህ ላይ የነገሩን ሥር መናገር አለብኝ። አምና በኅዳር፣ ጎበሳ አካባቢ አንድ የገብስ ማሳ ላይ ኮምባይነራችን ተንሸራቶ ተገለበጠ። ጋቢናው ውስጥ ከቱፋ ጋር ነበርኩ። እሱ ተቧጨረ፣ እኔ የቀኝ ትከሻዬ ተሰበረ። ቱፋ ለባለማሳውም፣ ለሽማግሌዎቹም፣ ለወጌሻውም ሳይቀር «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መሬቱን በደንብ አላየሁም» አለ። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለት ላይ አልወጣም። ዘንድሮ አዝመራው ሲሰበሰብ ለሊሳን እየላከ እሱ መደርደሪያ መካከል ቺንጋ ሲቆጥር ከረመ። ያ እጁ መሪ የለመደ ሰው ሱቅ ውስጥ ሲያረጅብኝ ማየት አልቻልኩም። ነገም ሌላ ኮምባይነር ብንገዛ ማን ሊነዳው ነው? እነዚያ ሁለት ቀናት ለእኔ ሽርሽር አልነበሩም። ቱፋ አንድ ቁልቁለት፣ የሕፃናት መንሸራተቻ እንኳ ቢሆን፣ ከወረደ ይመለስልኛል ብዬ ነበር።

ይህን ሁሉ በደግ ቃል ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን «ኩሽኔታ አታሳብብ» አልኩት። «ቁልቁለት ፈርተሃል። ፈሪ ሆነሃል፣ በቃ።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ለሊሳ መሬት መሬት አየ፤ ሳምራ ቁልፏን ይዛ ወጣች። ቱፋ የያዘውን ብሎን ቀስ ብሎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ወደ ጓሮ ሄደ። በማግስቱም ከሰላምታ በቀር አላናገረኝም። እኔም አኩርፌ ዋልኩ፤ ልክ ነኝ ብዬ ስለማምን ኩርፊያው አልከበደኝም።

አርብ፣ ወንዶቹ ጁምዓ ሰግደው ከመመለሳቸው በፊት፣ አንድ ገበሬ የድሮ ሞዴል ቺንጋ ፈልጎ መጣ። እሱን ስፈልግ የታችኛውን መሳቢያ ከፈትኩ። ቱፋ ካርቶኖቹን የሚያስቀምጥበት ነው። ባሌ ማንኛውንም ማሳ በእግሩ ሳይረግጥ ኮምባይነር አያስገባም። ከረገጠው በኋላ በካርቶን ጀርባ ይሥለዋል፤ ድንጋዩን በነጥብ፣ ረግረጉን በመስመር፣ የሚዞርበትን በቀስት። ቁልቁለት ከሆነ ደግሞ ከግርጌው አንድ ክብ ያደርግና «ሰው» ብሎ ይጽፍበታል። ከጋቢና ሆኖ አዝመራው ሥር ያለው ጉድጓድ አይታይም፤ ስለዚህ አንድ ሰው ከታች ቆሞ በጨርቅ ምልክት ይሰጣል። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ቁም። ነጂው ዓይኑን ከዚያ ሰው ላይ አያነሳም።

ከላይ ሦስት አዳዲስ ካርቶኖች አገኘሁ። የየት ማሳ ነው ብዬ አየሁ፤ ማሳ አልነበረም። ሦስቱ የስኪ ቦታዎች ነበሩ። ከስልኩ ፎቶ እያየ ዛፉን፣ መታጠፊያውን፣ የሚያዳልጠውን ሁሉ ሥሏል። የላይኛውን እንዲያውም ሁለቴ ደምስሶ አስተካክሎታል። የፈራ ሰው እንዲህ አይደክምም። ግርጌያቸውን ስመለከት ግን ክብ የለም። በሦስቱም ላይ በዚያ በተጣመመ ጽሕፈቱ አንድ ነገር ተጽፏል። «ሰው የለም።»

ገበሬው «እትዬ፣ አጣሽው እንዴ?» አለኝ። አጣሁት ብዬ ሸኘሁት። ቺንጋው በእጄ ነበር።

የጎበሳው ማሳ ካርቶን ላይ ክብ ነበረ። ያ «ሰው» የተባለው እኔ ነበርኩ። ለሊሳ በዚያ ቀን ሌላ ማሳ ላይ ስለነበር እኔ እቆማለሁ አልኩ፤ እስከ ምሳ ድረስም ቀዩን ሻሼን እያውለበለብኩ በደንብ ቆምኩ። ከምሳ በኋላ ሰለቸኝ። አሁንማ መሬቱን ለምደነዋል፣ አንድ ጊዜ ከላይ ልየው ብዬ ጋቢና ወጣሁ። ቱፋ «ላኪ» አለኝ በኦሮምኛ፤ «አይሆንም፣ ውረጂ።» ሳቅኩበት። እሱ ደግሞ እኔን እምቢ ማለት አይችልበትም። የገለበጠን ቦረቦር ገብሱ ሥር ነበር፤ ከታች የቆመ ሰው ቢኖር ያየው ነበር። ስንገለበጥ ሻሹ አንገቴ ላይ ነበር። ቱፋ ይህን ለማንም አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። መምረጥ የማይቸግረኝ ሴት፣ ዓመት ሙሉ ዝምታን መርጬ ባሌ የእኔን ጥፋት ተሸክሞ ሲጎብጥ አየሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ ፈሪ አልኩት። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ወንዶቹ ከጁምዓ ተመልሰው ሥራ ሲጀምሩ ጓሮ ወጣሁ። ቱፋ ከኮምባይነሩ ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል፤ ለሊሳ መፍቻ ያቀብለዋል፤ ሳምራ ልብስ ታሰጣለች።

«ለሊሳ፣ ሳምራ፣ ስሙኝ» አልኩ። «ቱፋን ፈሪ ያልኩት በእናንተ ፊት ነው፤ ይህንንም በእናንተ ፊት ልበል። ጎበሳ ላይ ከታች መቆም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ቦታዬን ትቼ ጋቢና ወጣሁ። ውረጂ አለኝ፣ አልወረድኩም። የተገለበጥነው በእኔ ነው።»

እግሮቹ መንቀሳቀስ አቆሙ። «ዺሲ፣ ሀጂራ፣ ተይው» አለ ከሥር። «ያለፈ ነው።»

«አልተወውም። ካርቶኖቹን አይቻለሁ። አንተ የፈራኸው ቁልቁለቱን አይደለም።»

ወጣ። እጁን በጨርቅ ጠረገና አየኝ። ዓመት ሙሉ እንደዚያ አላየኝም ነበር።

«ዓይኔን ከፍቼ በተነሳሁ ቁጥር ያቺን ትከሻሽን ነው የማያት» አለ። «እኔ ብወድቅ እነሳለሁ። አንቺ ግን አንድ ቦታ የምትቆሚ ሴት አይደለሽም።»

እውነቱን ነው፤ አመመኝ፣ ግን እውነቱን ነው።

«ስማ» አልኩት። «ላይኛውን መርጫለሁ። መጀመሪያ እንደ ልማድህ በእግርህ ትረግጠዋለህ። ከዚያ አንተ ትወርዳለህ፣ እኔ ከታች እቆማለሁ። አጠገቤ እስክትደርስ ንቅንቅ አልልም።»

«ዋላሂ?»

«ዋላሂ።»

ቱፋ ተመልሶ ከኮምባይነሩ ሥር ገባ። ለሊሳ መፍቻውን አቀበለው። አልተቀበለኝም ብዬ አሰብኩ፤ ግን ለሻጩ ልጽፍ ስልኬን አውጥቼ ወደ ሱቁ ዞርኩ። ምርጫዬን አልለውጥም፤ ካልመጣም ከታች ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

በሩ ላይ ስደርስ ድምፁ ከብረቱ ሥር መጣ።

«ሀጂራ! ቀዩን ሻሽ ያዢ። ነጩማ በረዶ ላይ አይታየኝም።»