የቢሰጥ ዲስክ

አስር አለቃ ተክለ ማርያም ከጦር ሠራዊት በጡረታ ሲወጡ ይዘውት የወጡት ሙያ ፈንጂ መፈለግ ነበር። መልካ ወረር አጠገብ አዲስ መሬት የሚመነጥር አንድ የጥጥ እርሻ ለዚሁ ቀጠራቸው። ከዶዘሩ ቀድመው እየሄዱ በጣልያን ጊዜ የቀረ ቦምብና ጥይት ከአፈር ውስጥ ይለቅማሉ። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ ረጅሙን ዘንግ ይዘው፣ ጫፉ ላይ ያለውን ሳህን መሬት ሳያስነኩ ግራና ቀኝ ያመላልሳሉ። ከሥር ብረት ካለ ማዳመጫው ይጮኻል።

ጩኸቱን ማንም ይሰማል። ብረቱ በትክክል የት እንደተኛ ማወቅ ነው ሥራው። በሠራዊቱ የተማሩት እንዲህ ነበር፤ መጀመሪያ በቁመት ታዳምጣለህ፣ ከዚያ ዞረህ በአግድም ታዳምጣለህ፣ ሁለቱ ድምፆች በተገናኙበት ላይ ችካል ትተክላለህ። በአንድ በኩል ብቻ ካዳመጥክ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ብረቶች አንድ ሆነው ይሰሙሃል።

አስረሳሽ ከቡልጋ የመጣችው በግንቦት ሐሩር ነው። ባሏ ቢሰጥ እዚያው እርሻ ላይ ጥጥ ሲለቅም ወባ ገድሎት ከተቀበረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አጽሙን አፍልሳ በአገሩ ቤተ ክርስቲያን ልታሳርፈው ነው የመጣችው። እናቱ አልጋ ላይ ሆነው፣ «ልጄ አገሩ ሳይገባ አልሞትም» እያሉ ይጠብቃሉ።

በዚያ ደለል አገር ለመቃብር የሚሆን ድንጋይ የለም። ሠራተኛው ያረጀ የማረሻ ዲስክ ከሟቹ ራስጌ ያቆማል፤ ብየዳ የሚችል ከተገኘ ስሙን በብየዳ ይጽፍበታል። ዓምና ግን አዋሽ ሞልቶ ወጥቶ ዲስኮቹን ሁሉ ጥሎ በደለል ደፈናቸው። ቢሰጥን የቀበረው ጓደኛው ጥጋቡም ሰመራ ሜዳን አልፎ ዱብቲ ካለው እርሻ ገብቷል። ከዚያ ሆኖ የላከው ቃል፣ «ከቦዩ መታጠፊያ በታች ነው፤ ብቻውን ነው የቀበርነው» የሚል ነበር።

መሬቱ በማግስቱ ሊደለደል ነው። አስረሳሽ አስር አለቃን ለመነቻቸው፤ እሳቸውም እሺ አሉ።

«አስር አለቃ፣ ዛሬ ደግሞ ሰው ፍለጋ ገቡ?» አለ የዶዘሩ ነጂ አሕመድ። «ለኔም ሚስት ይፈልጉልኝ እንጂ፣ በዚያው መሣሪያ!»

«ያንተዋ እንኳ ራሷ ጮኻ ነው የምትሸሽህ። ሞተርህን አጥፋና ወዲያ ራቅ በል።»

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ማዳመጫው ጆሯቸውን ለበለባቸው። ከመታጠፊያው በታች በቁመት ሲያመላልሱ መሣሪያው ጮኸ፤ ድምፁ ረዘም አለ። የአንድ ዲስክ ድምፅ እንዲህ አይረዝምም። ዞረው በአግድም ማዳመጥ ነበረባቸው። ቀና ሲሉ ግን አስረሳሽ ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ታያቸዋለች።

«ተገኘ?» አለች።

«ተገኘ» አሉ።

አንዴ ተገኘ ካሉ በኋላ መልሶ በአግድም መፈለግ በገዛ ቃላቸው መጠራጠር ሆነባቸው። ድምፁ በጎላበት ላይ ችካላቸውን ተከሉ። ሲቆፈር ዲስኩ ወጣ፤ ዝቅ ሲባል አጽሙ ተገኘ።

«ስሙ አለበት፣ አባባ?»

ዲስኩን በመዳፋቸው ጠረጉት። «ዝገት በልቶታል። ብቻውን ነው ተብሎ የለ? ሌላ ማን ሊሆን ነው?»

አስረሳሽ መሬት ላይ ወድቃ አለቀሰች። ስትነሣ ጉልበታቸውን ሳመች። አጽሙ በአቡጀዲ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ገባ፤ እሷም ሳጥኑን ይዛ በማታው የጭነት መኪና ወደ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ሄደች።

በነጋታው ዶዘሩ ከመነሣቱ በፊት አስር አለቃ ቦታውን እንደገና ዞሩት። ከትናንቱ ጉድጓድ ጠርዝ አንድ እርምጃ አለፍ ሲሉ መሣሪያው ጮኸ። በአካፋ ቢጭሩት ሌላ ዲስክ ወጣ። ብየዳው ገና አልጠፋም፤ «ቢሰጥ» ይላል። ጥጋቡ ከሄደ በኋላ ከጎኑ ሌላ ሰው ተቀብሮ ኖሯል።

ዲስኩን ብብታቸው ሥር አደረጉት። ባዶ እጄን ብሄድ አታምነኝም ብለው ነው። ቦታው ላይ የእንጨት ችካል ተከሉና፣ «አሕመድ፣ እስክመለስ ይቺን እንዳትነካ፣ አደራ!» ብለው ወደ አዋሽ በሚሄድ መኪና ተሳፈሩ።

ጣቢያው ላይ አስረሳሽ ሳጥኑን አጠገቧ አድርጋ፣ የሐዲድ ሠራተኞች ሚስቶች ከበው ሲያጽናኗት ደረሱ። ስታያቸው ፈገግ አለች። ዲስኩን አሳዩዋት፤ የሆነውን ሳይደብቁ ነገሯት። አላመነቻቸውም። ዲስኩን ተቀብላ ከሴቶቹ አንዷን፣ ውባንች የምትባለውን፣ «እስቲ አንብቢልኝ» አለቻት።

«ቢሰጥ ነው የሚለው፣ እህቴ።»

አስረሳሽ ሳጥኑን ዞር ብላ አየችው። «ታዲያ ይሄ ማነው?»

«አላውቅም፣ ልጄ።»

«ሌሊቱን ሙሉ ያለቀስኩለት ማነው?»

ባቡሩ መጣ፤ ሳትሳፈርበት ሄደ።

ሳጥኑን ይዘው ሁለቱም እርሻው ሲደርሱ መሸት ብሏል። መሬቱ እንደ ጠረጴዛ ተደልድሏል፤ ችካል የለም፣ ጉድጓድ የለም። የቦዩ መታጠፊያ እንኳ ቀጥ ተደርጎ አዲስ መስመር ወጥቶለታል።

አሕመድ ሲያያቸው ኮፍያውን አወለቀ። «ወላሂ እስከ ቀትር ጠብቄያለሁ። ኃላፊው መጣና አውርዶኝ ራሱ ነዳው። ግን ምን ቸገረዎት፣ አስር አለቃ? መሣሪያዎ ያገኘው የለ!»

አስር አለቃ ማዳመጫውን ደፉ። በቁመት ሄዱ፤ ዞረው በአግድም ሄዱ። እንደ ሕጉ፣ ሳይቸኩሉ። ምንም የለም። አጥንት አይጮኽም። የቢሰጥን ቦታ ሊነግር የሚችለው ብረት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን ራሳቸው ነቅለው አዋሽ ድረስ ወስደውታል፤ አሁን አስረሳሽ ታቅፋው ቆማለች። ዘንጉን ይዘው ቆመው ቀሩ።

«ምን ይላል?» አለች።

«ምንም አይልም።»

በግምት ቆፈሩ። አሕመድም አካፋ ይዞ አገዛቸው፤ ሳቅም ቀልድም አልነበረውም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ቦዩ ተከፈተና ውሃው በሜዳው ላይ ተለቀቀ። የቆፈሩት ሁሉ ጭቃ ሆነ።

አስረሳሽ ሳጥኑን ከፍታ አቡጀዲውን ለሁለት ቀደደችው። በግማሹ ያንን የማያውቁትን ሰው መልሳ ጠቀለለችው፤ በግማሹ ዲስኩን ጠቀለለች።

«እናቱ ዓይናቸው አያይም» አለች። «በእጃቸው ሲዳስሱት ግን ብረት እንጂ አጥንት አለመሆኑን ያውቃሉ።»

አስር አለቃ ሊሸከሙላት እጃቸውን ዘረጉ። አልሰጠቻቸውም።

«እርስዎ ይሄንን ሰውዬ ይቅበሩት። ውሃ የማይደርስበት ይሁን። የሱም ሰዎች ይመጡ ይሆናል።»

በሹፌሩ በኩል ዞራ ወደ አዋሽ የሚሄደው የጭነት መኪና ላይ ወጣች። አስር አለቃ ሳጥኑን ተሸክመው፣ አካፋቸውን እየጎተቱ ከሜዳው ከፍ ወዳለ ጉብታ ሄዱ።